ገንዘብ የሚያልፍበት ሰርቨር፦ ከወልቂጤና ከቡታጅራ ሆነው በኢንተርኔት ለሚሸጡ የጥበቃና የጥገና መመሪያ

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ ለመቀበል ባንክ ቤት መሰለፍ እየቀረ ነው። እንድብር ላይ ቆጮና ቅቤ የሚያዘጋጅ፣ ቡታጅራ ላይ በርበሬ የሚያስፈጭ፣ ወልቂጤ ላይ የክትፎ ቤት ያለው ነጋዴ የአዲስ አበባ ደንበኛውን ክፍያ በስልኩ ይቀበላል። ንግዱ ሲሰፋ ደንበኛ ዕቃ የሚመርጥበት፣ የሚያዝበትና የሚከፍልበት የራስ ድረ ገጽ መክፈት ያጓጓል። ድረ ገጹ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በወር ኪራይ በሚገኝ የሊኑክስ ሰርቨር ላይ ነው። ይህ መመሪያ ያንን ሰርቨር ለተረከበ ሰው የቀረበ ነው፤ ነጋዴው ራሱም ይሁን ነጋዴው ያሠራው ባለሙያ።

ደረጃዎቹ ሁሉ የሚነሱት ከአንድ ሐሳብ ነው። ገንዘብ የሚያልፍበትን ሰርቨር ከሚጨመርበት ይልቅ የሚቀነስለት ነገር ይጠብቀዋል። የሚይዘው መረጃ፣ የሚከፍታቸው በሮች፣ የሚያምናቸው ሰዎችና መልእክቶች፣ በአንድ ጊዜ የሚደረግበት ለውጥ፣ ሁሉም ሊያንሱ ይገባል። ብዙ ሰው ግን በተቃራኒው ይሄዳል፤ ስጋት በተሰማው ቁጥር አንድ ተጨማሪ የጥበቃ ፕሮግራም ይጭናል፤ የጫነው ፕሮግራም ግን ራሱ መዘመን የሚፈልግ፣ ራሱም ቀዳዳ ሊኖረው የሚችል ነው። «እኛ ትንሽ ነን፤ የእንድብርን ሱቅ ማን ብሎ ያጠቃል?» የሚለው መከራከሪያም አያስኬድም። እ.ኤ.አ. በ2013 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዜድማፕ በተባለ መሣሪያ፣ ከአንድ ኮምፒውተር ተነስተው መላውን የአይፒቪ4 አድራሻ ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መቃኘት እንደሚቻል አሳይተዋል። አጥቂው ሱቅዎን ስሙን ሰምቶ አይመጣም፤ ማሽኑ የተከፈተ በር ሲፈልግ ያገኝዎታል። ትንሽነት የሚጠቅመው መደበቂያ ስለሚሆን ሳይሆን ለመቀነስ ስለሚመች ነው።

ደረጃ 1፦ ሰርቨር ያስፈልግዎት እንደሆነ ይወስኑ

በቀን የሚመጣው ትዕዛዝ በጣት የሚቆጠር ከሆነ ቴሌግራምና ቴሌብር ይበቁዎታል፤ የሌለ ሰርቨር አይጠለፍም። ሰርቨር የሚያስፈልገው ትዕዛዙ በደብተር ከሚያዘው በላይ ሲሆን፣ ክምችቱና ክፍያው በራሳቸው እንዲናበቡ ሲፈለግ፣ ወይም ውጭ አገር ያለ ልጅ ለመስቀል ቤተሰቡ ዘንድ ቅቤና ሰንጋ እንዲደርስ በካርድ መክፈል ሲፈልግ ነው። ከወሰኑ ማሽኑን ሱቅ ውስጥ አያስቀምጡት፤ መብራት በሄደ ቁጥር ንግዱ ይቆማል። የማያቋርጥ ኃይል ካለው ዳታ ሴንተር ቨርቹዋል ሰርቨር ይከራዩ። የኪራይ ውሉ፣ የዶሜይን ምዝገባውና ከክፍያ ድርጅቱ ጋር ያለው ውል በነጋዴው ስም ይሁን። ገጹን የሠራው ወጣት ከወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ነገ አዲስ አበባ ሥራ ቢያገኝ ሱቁ መክፈቻ አልባ ሆኖ መቅረት የለበትም። ይህን የምለው ወጣቱን ጠርጥሬ አይደለም፤ ንግድ በአንድ ሰው ስልክና ትዝታ ላይ ሊንጠለጠል ስለማይገባ ነው።

ደረጃ 2፦ ሰርቨሩ የማይይዘውን ይለዩ

የመጀመሪያው የጥበቃ ሥራ ገና አንድ ፕሮግራም ሳይጫን ይሠራል። በወረቀት ላይ «ይህ ሰርቨር ፈጽሞ የማይይዘው» ብለው ይጻፉና ከሥሩ የቴሌብርና የባንክ ፒን፣ የካርድ ቁጥር፣ ከካርዱ ጀርባ ያለው ባለሦስት አሃዝ ቁጥር ብለው ይዘርዝሩ። ፒሲአይ ዲኤስኤስ የተባለው ዓለም አቀፍ የካርድ ክፍያ መስፈርት ይህን ባለሦስት አሃዝ ቁጥር ክፍያው ከጸደቀ በኋላ ማስቀመጥን ጭራሽ ይከለክላል። ደንበኛው ሊከፍል ሲል ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ወዳለው የክፍያ ድርጅት ገጽ ይለፍና እዚያ ከፍሎ ይመለስ፤ ቴሌብር ራሱም ሆነ እንደ ቻፓ፣ አሪፍፔይና ሳንቲምፔይ ያሉት አገናኞች ለዚሁ የተዘጋጁ ናቸው። «ደንበኛ ከገጼ ከወጣ ይጠፋል» የሚል ነጋዴ ይኖራል። ይሁን እንጂ ፒኑን በማያውቀው ሱቅ ገጽ ላይ ከመጻፍ በሚያውቀው የቴሌብር ገጽ ላይ መጻፍ ደንበኛውንም ያረጋጋል፤ ለእርስዎ ደግሞ ከባዱን የጥበቃ ሸክም ከትከሻዎ ያወርዳል።

መረጃውን አለማስቀመጥ ብቻውን ግን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2018 የብሪቲሽ ኤርዌይስን ድረ ገጽ የጠለፉ ሰዎች ደንበኞች የክፍያ ቅጹን ሲሞሉ የጻፉት ሁሉ ወደ እነርሱ እንዲገለበጥ የገጹን ጃቫስክሪፕት ለውጠው ነበር፤ የእንግሊዝ የመረጃ ኮሚሽነርም በ2020 አየር መንገዱን 20 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጥቷል። ስለዚህ ትዕዛዝ በሚሰጥበት ገጽ ላይ ከሌላ ቦታ የሚጫኑ የማስታወቂያ፣ የቆጠራና የጌጥ ስክሪፕቶችን ያስወግዱ። የሚቀረው ስም፣ ስልክ፣ የመላኪያ አድራሻና የታዘዘው ዕቃ ነው። ይህም ቢሆን የግል መረጃ ነውና በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሥር ይወድቃል፤ ለሥራው ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ አያቆዩት።

ደረጃ 3፦ የረጋ ሲስተም ይምረጡ

የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው የኡቡንቱ እትም ወይም የተረጋጋው የደቢያን እትም ይጫኑ። ኡቡንቱ 24.04 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የደህንነት ማስተካከያ ያገኛል፤ ሴንትኦኤስ 7 ግን ድጋፉ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 መጨረሻ ስላበቃ ርካሽ ተብሎ ቢቀርብልዎትም አይቀበሉት። አዲሱ ሁሉ የተሻለ የሚመስለው ሰው በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኤክስዜድ ላይ የደረሰውን ያስታውስ። በዚህ የፋይል መጭመቂያ ፕሮግራም ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ የኋላ በር የተገኘው፣ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ሰርቨርን ከሩቅ ለማዘዝ በሚያገለግለው ኤስኤስኤች መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አጠራጥሮት ሲመረምር ነው። የተመረዘው እትም በሙከራ ላይ ወዳሉ ሲስተሞች ገብቶ ነበር፤ የተረጋጋው ደቢያን ጋ ግን አልደረሰም። ሊኑክስ በተፈጥሮው አይነካም የሚለው እምነት ትክክል እንዳልሆነ፣ የረጋውን እትም መምረጥም ፍርሃት ሳይሆን ስሌት እንደሆነ ከዚህ ይታያል።

ደረጃ 4፦ በሮቹን ይዝጉ

ሙሉ ሥልጣን ባለው ተጠቃሚ በሩት ስም መግባትን ይተዉ፤ ለራስዎ ሌላ ተጠቃሚ ከፍተው ሱዱ፣ ማለትም ሲያስፈልግ ብቻ የሚጠቀምበት የአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ ይስጡት። በኮምፒውተርዎ ላይ የኤስኤስኤች ቁልፍ ያመንጩና የአደባባዩን ቁልፍ ወደ ሰርቨሩ ይላኩ። ከዚያ በኤስኤስኤች ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ የሩት መግቢያንና በይለፍ ቃል መግባትን ይዝጉ። ማስተካከያውን ካደረጉ በኋላ የነበሩበትን መስኮት ሳይዘጉ በሌላ መስኮት መግባትዎን ይሞክሩ፤ አለበለዚያ ራስዎን ውጭ ቆልፈው ሊቀሩ ይችላሉ። ሁለተኛ ቁልፍ ለታመነ ሌላ ሰው ይስጡ፤ አንድን ቁልፍ ለሁለት ግን አያጋሩ፤ አንዱ ሲለቅ የእሱን ብቻ መሰረዝ እንዲቻል። በፋየርዎሉ ላይ ለድረ ገጹ ፖርት 80 እና 443፣ ለእርስዎ ፖርት 22 ብቻ ይከፈቱ። ዳታቤዙ ከሰርቨሩ ውስጥ የሚመጣ ጥያቄ ብቻ ያዳምጥ፤ ከውጭ የሚታይ ዳታቤዝ በቃኚ ማሽኖች ፊት የተሰጣ ንብረት ነው።

በሰርቨሩ ውስጥም ሥልጣን ይከፋፈል። በዕቁብ ሰብሳቢው ዳኛና መዝጋቢው ጸሐፊ የተለያዩ ሰዎች እንደሚሆኑት ሁሉ፣ ድረ ገጹን የሚያስኬደው ተጠቃሚ፣ ዳታቤዙን የሚያስተዳድረውና መጠባበቂያ የሚወስደው የተለያዩ ይሁኑ። ድረ ገጹ ትዕዛዝ መጻፍና ማንበብ ካስፈለገው ያንን ብቻ ይፈቀድለት፤ ሠንጠረዥ የመደምሰስ መብት አያስፈልገውም። የክፍያ ድርጅቱ የሰጠዎት ምስጢራዊ ቁልፍ ድረ ገጹ ከሚታይበት ፎልደር ውጭ፣ የድረ ገጹ ተጠቃሚ ብቻ በሚያነበው ፋይል ይቀመጥ። ኮዱን እንደ ጊትሃብ ባለ የኮድ ማከማቻ ላይ ሲጭኑ ቁልፉ አብሮ አለመሄዱን ያጣሩ፤ አንዴ ከወጣ ፋይሉን መሰረዝ አይመልሰውም፤ ቁልፉን ማስቀየር ግድ ነው።

ደረጃ 5፦ መስመሩን ያመስጥሩ

ለኤችቲቲፒኤስ የሚያስፈልገውን ሰርተፊኬት ሌትስ ኢንክሪፕት በነፃ ይሰጣል፤ ሰርትቦት የተባለው ፕሮግራም ደግሞ ጭኖ በየጊዜው ያድሰዋል። ሰርተፊኬቱ ለዓመታት ሲያገለግል የኖረው በ90 ቀን እድሳት ነው፤ የኢንዱስትሪው ስምምነት ደግሞ የማንኛውም ሰርተፊኬት ዕድሜ እ.ኤ.አ. እስከ 2029 ወደ 47 ቀን እንዲወርድ ወስኗል። በእጅ አድሳለሁ ማለት ከእንግዲህ አያዋጣም። ሌትስ ኢንክሪፕት ጊዜው ሊያልፍ ሲል ይልክ የነበረውን የኢሜይል ማስታወሻ እ.ኤ.አ. በ2025 ስላቆመ፣ እድሳቱ መሥራቱን በየወሩ በሰርትቦት የሙከራ ትዕዛዝ ያረጋግጡ። ኤችቲቲፒኤስ ከሚሠራበት ከቲኤልኤስ ደንብም ከ1.2 በታች ያሉትን የቆዩ እትሞች ይዝጉ።

ደረጃ 6፦ ክፍያን ከምንጩ ያረጋግጡ

የነጋዴው ገንዘብ በብዛት የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ ለመዝረፍም ሰርቨሩን መጥለፍ አያስፈልግም። በአገራችን ገበያ የተለመደው ማጭበርበር የተቀናበረ የክፍያ ደረሰኝ ምስል ወይም ከባንክ የመጣ የሚመስል አጭር መልእክት ማሳየት ነው። ይህ ማታለያ በድረ ገጽም መልኩን ቀይሮ ይመጣል። ደንበኛው ከፍሎ ሲመለስ የሚያርፍበት «ክፍያዎ ተሳክቷል» የሚል ገጽ አለ፤ ፕሮግራሙ ያ ገጽ ስለተከፈተ ብቻ ትዕዛዙን «ተከፍሏል» ብሎ ከመዘገበ፣ አድራሻውን በብራውዘሩ የጻፈ ሁሉ ሳይከፍል ቅቤ ይወስዳል። ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው፤ ከደንበኛው ስልክ ወይም ብራውዘር የመጣ ማንኛውም ነገር ማስረጃ አይደለም።

ማስረጃ የሚሆነው የክፍያ ድርጅቱ ለሰርቨርዎ በቀጥታ የሚልከው መልእክት፣ ማለትም ዌብሁኩ፣ እና ሰርቨርዎ ራሱ ድርጅቱን ጠይቆ የሚያገኘው መልስ ነው። ዌብሁኩ ሲደርስ ፊርማውን በምስጢራዊ ቁልፍዎ ያመሳክሩ፤ ካልተመሳከረ ይጣሉት። ከተመሳከረም የግብይት ቁጥሩን ይዘው የድርጅቱን የማረጋገጫ አገልግሎት በሰርቨርዎ በኩል ይጠይቁና አራት ነገር ያስተያዩ፦ ክፍያው መጠናቀቁን፣ መጠኑ ከትዕዛዙ ጋር እኩል መሆኑን፣ ገንዘቡ ብር ወይም የተስማሙበት ሌላ ገንዘብ መሆኑን፣ የግብይት ቁጥሩም ከዚህ በፊት ያልተጠቀሙበት መሆኑን። መጠኑን አለማየት 10 ብር ከፍሎ የ10,000 ብር ዕቃ ለመውሰድ በር ይከፍታል። መስመር ሲቆራረጥ ያው ዌብሁክ ሁለትና ሦስት ጊዜ ሊመጣ ይችላል፤ የግብይት ቁጥሩ በዳታቤዙ ውስጥ እንዳይደገም ከተከለከለ ዕቃው ሁለት ጊዜ አይላክም። «ፊርማው ካለ ዳግም መጠየቅ ለምን?» ለሚል፣ ፊርማው የሚያሳየው መልእክቱን ማን እንደላከው ነው፤ ክፍያው በዚህ ሰዓት ያለበትን ሁኔታ የሚያውቀው ድርጅቱ ብቻ ነው።

ማታ ማታ የትዕዛዝ መዝገብዎን ከክፍያ ድርጅቱና ከባንኩ መግለጫ ጋር ያስታርቁ። የሰዓት ነገር ግን ያሳስታል። ሰርቨሩ በዓለም አቀፉ ሰዓት እንዲመዘግብ ይተዉት፤ ለሰው ሲታይ ብቻ ወደ አዲስ አበባ ሰዓትና ወደ ኢትዮጵያ ቀን ይለወጥ። ደንበኛው «ከቀኑ 8 ሰዓት ከፍያለሁ» ሲል በሰርቨሩ መዝገብ የሚገኘው 11፡00 ላይ ነው፤ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት የተከፈለ ደግሞ በመዝገቡ የትናንት ሆኖ ይገኛል። ይህን ያላሰበ ሰው የጎደለ ሂሳብ ፍለጋ ሌሊቱን ያነጋል።

ደረጃ 7፦ ያዘምኑ፤ በትንሽ በትንሹ ግን

ስለ ማዘመን ሁለት ተቃራኒ ፍርሃቶች አሉ፤ ሁለቱም መሠረት አላቸው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2017 አፓቼ ስትራትስ ለተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ የደህንነት ማስተካከያ ወጥቶ ሳለ የአሜሪካው የብድር መረጃ ድርጅት ኢኩፋክስ ሳይጭነው ቆየ፤ በግንቦት የገቡ አጥቂዎች የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን መረጃ ወሰዱ። በሌላ በኩል በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሂሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ ያደሩት በውጭ ጥቃት አልነበረም፤ ችግሩ ከሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑ ተገልጿል፤ ባንኩም ያለአግባብ የተወሰደው ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን አስታውቋል። አንዱ ባለመጠገን፣ ሌላው በጥገና ላይ ሳለ ተጎዳ። ከሁለቱ «አልነካም» የሚል መደምደሚያ አይወጣም፤ ለውጡ ያንስ፣ ይሞከር፣ መመለሻም ይኑረው የሚል እንጂ።

በተግባር እንዲህ ያድርጉ። የደህንነት ማስተካከያ ብቻ በራሱ እንዲጫን የኡቡንቱንና የደቢያንን አውቶማቲክ ማዘመኛ ያብሩ፤ እነዚህ ማስተካከያዎች ቀዳዳውን እንጂ የፕሮግራሙን ጠባይ እንዳይለውጡ ተደርገው ስለሚዘጋጁ የመስበር ዕድላቸው ትንሽ ነው። ከርነል ሲቀየር ዳግም ማስነሳት ስለሚጠይቅ፣ ገበያ በሚቀዘቅዝበት፣ ለምሳሌ ማክሰኞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ይቀጥሩት። የድረ ገጹን ፕሮግራም፣ የዳታቤዙን ዋና እትምና የክፍያ ኮዱን ግን በእጅ ያዘምኑ፤ አስቀድመው በሙከራ ሰርቨር ላይ ያስኪዱት፣ የሰርቨሩን ቅጂ ያንሱ፣ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፣ ከዚያ በትንሽ ብር እውነተኛ ግዢ ፈጽመው እስከ ሂሳብ ማስታረቁ ድረስ ይከተሉት። ገንዘብን በሚነካ ኮድ ላይ አርብ ማታ ለውጥ አያድርጉ፤ ቢበላሽ የሚጠይቁት ሰው ቢሮው የለም።

ደረጃ 8፦ መጠባበቂያውን መልሰው ይሞክሩት

መጠባበቂያ አለኝ ማለትና መጠባበቂያ መኖሩ ይለያያሉ። ጊትላብ የተባለው ታዋቂ የኮድ ማከማቻ እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 አንድ ሠራተኛው በስህተት የዋናውን ዳታቤዝ ፋይሎች ሲሰርዝ፣ ይሠራል ተብሎ የሚታመነው ዕለታዊ መጠባበቂያ ለካ በእትም አለመጣጣም ምክንያት በዝምታ ሲከሽፍ ኖሯል፤ የክሽፈት ማስታወቂያውም ኢሜይል ሳይደርስ ይመለስ ነበር። ያዳናቸው ለሌላ ሥራ የተነሳ፣ ስድስት ሰዓት ያህል የቆየ ቅጂ ነው። በየቀኑ ዳታቤዙን ወደ ፋይል ያውጡ፣ ያመስጥሩት፣ ከዚያ ከሰርቨሩ ውጭ ሌላ ድርጅት ጋ ይላኩት። ሰርቨሩ አዲስ ቅጂ መላክ እንጂ የቆየውን መሰረዝ አይፈቀድለት፤ ሰርቨሩን የያዘ አጥቂ መጀመሪያ የሚሰርዘው መጠባበቂያውን ነውና። በወር አንድ ጊዜ በባዶ ማሽን ላይ መልሰው ያስነሱትና የመጨረሻው ትዕዛዝ መኖሩን በዓይንዎ ይዩ። ወጪው ይበዛል የሚል ነጋዴ የአንድ ሱቅ የትዕዛዝ መዝገብ በመጠን ስንት እንደሆነ ይመልከት፤ ለማስቀመጥ የሚከፈለው ከአንድ የመስቀል ሳምንት ሽያጭ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ደረጃ 9፦ ይከታተሉ፣ ለክፉ ቀንም ይዘጋጁ

ሰርቨርዎን ከውጭ ሆኖ በየደቂቃው የሚጎበኝና ሲጠፋ በቴሌግራም የሚያሳውቅ አገልግሎት ላይ ይመዝገቡ። በሳምንት አንድ ቀን የቀረውን የዲስክ ቦታ፣ የተሳካ የኤስኤስኤች መግቢያ ዝርዝርንና ያልተመሳከሩ ዌብሁኮችን ይመልከቱ። የከሸፉ የመግቢያ ሙከራዎች በሺህ ቢቆጠሩ አይደንግጡ፤ የይለፍ ቃል መግቢያው ተዘግቷልና ፋይዳ የላቸውም። ሊያስደነግጥ የሚገባው እርስዎ የማያውቁት አንድ የተሳካ መግቢያ ነው።

ከተጠለፈ ሰርቨሩን ለማጽዳት አይታገሉ፤ የኋላ በር ቀርቶ እንደሆነ ማረጋገጥ አይቻልም። ከመስመር ያውጡት፣ ለምርመራ ቅጂውን ያስቀሩ፣ የክፍያ ቁልፎቹን ለድርጅቱ አሳውቀው ያስለውጡ፣ አዲስ ሰርቨር ከንጹሕ መጠባበቂያ ያቋቁሙ። ድርጊቱ በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስጠይቅ ስለሆነ ለፖሊስና ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ያመልክቱ። መረጃቸው የተነካ ደንበኞችንም ራስዎ ይንገሯቸው፤ ከሌላ ሰው ከሰሙት ለገበያዎ የባሰ ነው።

ደረጃ 10፦ ሥራውን በገበያው ወቅት ይቀምሩ

የጉራጌ ገበያ ዋና ወቅት መስቀል ነው፤ ለመስከረም 17 የሚሆነው ትዕዛዝ ከዘመን መለወጫ ጀምሮ ይጎርፋል። ስለዚህ ትልልቁ ጥገና በሐምሌና በነሐሴ ይለቅ፤ ጳጉሜን የሙሉ ፍተሻ ጊዜ ትሁን፦ መጠባበቂያ ማስነሳት፣ የሰርተፊኬት እድሳት ሙከራ፣ የለቀቁ ሰዎችን ቁልፍ መሰረዝ። ከመስከረም 1 እስከ 20 ከደህንነት ማስተካከያ በቀር ምንም ለውጥ አይደረግ። በቡታጅራ አካባቢ አረፋም ትልቅ ገበያ ነው፤ ቀኑ በየዓመቱ ስለሚቀያየር ቀድመው አስልተው ሁለት ሳምንት ያህል ይከልሉለት።

በመጨረሻም ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ አማርኛ ይጻፉ፦ ሰርቨሩ የት እንደተከራየ፣ መጠባበቂያው የት እንዳለ፣ ቁልፎቹ በማን እጅ እንደሆኑ፣ ከምን ተነስቶ ምን እንደሚደረግ። የይለፍ ቃልና ቁልፍ ግን በገጹ ላይ አይስፈሩ። ገጹን ለሁለተኛው ሰው ይስጡትና እርስዎን ምንም ሳይጠይቅ ሰርቨሩን በባዶ ማሽን ላይ እንዲያስነሳ ይጠይቁት። የተቸገረበት መስመር ሁሉ ሊስተካከል የሚገባው ነው፤ ገጹ ከአንድ ወረቀት እምቢ ብሎ ከረዘመብዎ ደግሞ ከሰርቨሩ ላይ ገና የሚቀነስ ነገር አለ ማለት ነው።